የተቀዳ ዘፈን ኪይ መቀየርና ዘፈኖችን በሠርግ መድረክ ላይ አከታትሎ ማጫወት፦ የትኛውን ትራንስፖዝ እንጠቀም?

ኪቦርድ ዘደብረ ብርሃን (ውይይቱን የከፈተ)

የተከበራችሁ የውይይት መድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ሥራ ይበዛል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባም ቅዳሜና እሑድ መድረክ ላይ ነን። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር አጣርቼ ልይዘው የምፈልገውን ጉዳይ በዝርዝር አቀርባለሁ፤ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የምጫወትበት ኪቦርድ ከያማሃ ፒኤስአር ኤስ ተከታታይ አንዱ ነው። ዘፈኖቹ በሚዲ ፋይል ተዘጋጅተው በፍላሽ ላይ አሉ። ሪትሙ፣ ባሱና አጃቢው ከፋይሉ ሲወጣ እኔ መግቢያውንና ዜማውን በቀኝ እጄ እጫወታለሁ። አብረውኝ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ድምፃዊ፣ አንድ ባለማሲንቆና አንድ ባለዋሽንት ይሠራሉ። ወንዱ በሲ ኪይ (ሲን መነሻ ድምፅ አድርጎ) የሚዘፍነውን ትዝታ ሴቷ በኤፍ ወይም በጂ ትፈልገዋለች፤ ባለዋሽንቱ ደግሞ በእጁ ባሉት ዋሽንቶች ልክ ብቻ ነው መሄድ የሚችለው።

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ኪቦርዱ ላይ ማስተር፣ ኪቦርድና ሶንግ የተባሉ ሦስት የትራንስፖዝ (ኪይን ከፍና ዝቅ የማድረጊያ) ምርጫዎች አሉና፣ የተቀዳ ዘፈን ሲጫወት የትኛውን መንካት ይገባል? ሁለተኛ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባ የተቀበልኩት፣ በኮምፒውተር ላይ 2 ግማሽ ድምፅ (ግማሽ ድምፅ ከአንድ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ያለው ርቀት ነው) ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ ፋይል አለ፤ ዜማውና ባሱ ትክክል ሆነው ሳሉ ከበሮው ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ሆኖ ይሰማል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለው ዝምታ ጨፋሪውን ወደ መቀመጫው ይመልሰዋልና፣ እያንዳንዱን ዘፈን በየራሱ ኪይ አከታትሎ ለማጫወት የሚያስተማምነው መንገድ የቱ ነው?


ቆላ ቤዝ፣ ሸዋ ሮቢት

ሰላም ወንድሜ። መልሱ ለሌሎቹም ጥያቄዎች መሠረት ስለሚሆን በሁለተኛው ልጀምር። በሚዲ ፋይል ውስጥ ድምፅ የለም፤ ያለው የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተመታና መቼ እንደተለቀቀ የሚናገር ትእዛዝ ነው። እያንዳንዱ ኖታ ከ0 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይጻፋል፤ መካከለኛው ሲ 60 ነው። ኪይ መቀየር ማለት እንግዲህ በቁጥሮቹ ላይ መደመር ወይም መቀነስ ማለት ነው፤ ለዚህም ነው ሚዲ ዘፈን ኪዩ ሲቀየር ፍጥነቱ የማይዛባው።

ይህ ለዜማ መሣሪያ ልክ ነው። በከበሮ ቻናል (በፋይሉ ውስጥ ለከበሮ በተለየው መስመር) ላይ ግን ቁጥሩ የሚያመለክተው የድምፁን ከፍታ ሳይሆን የትኛው መሣሪያ እንደተመታ ነው። በ1991 በወጣው የጄኔራል ሚዲ ደንብ 10ኛው ቻናል ለከበሮ የተመደበ ሲሆን፣ 36 ባስ ድራም፣ 38 ስኔር፣ 42 የተዘጋ ሃይሃት፣ 46 ደግሞ የተከፈተ ሃይሃት ነው። በሁሉም ላይ 2 ሲደመር ባስ ድራሙ ስኔር ይሆናል፣ የተከፈተው ሃይሃት ወደ 48 ወጥቶ ቶም ይሆናል። ባልደረባህ የሰጠህ ፋይል ላይ የደረሰው ይኸው ይመስለኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፋይሉን በኮምፒውተር ከፍተህ የከበሮውን ቻናል ብቻ በ2 ዝቅ ብታደርገው እያንዳንዱ ምት ወደ ቦታው ይመለሳል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር። ዘፈኑ መጀመሪያ የተቀዳው በያማሃ ኪቦርድ ስታይል (አውቶማቲክ አጃቢ) ከሆነ 10ኛውን ብቻ ማየት አይበቃም። ያማሃ ስታይሉን የሚቀዳው ከ9 እስከ 16 ባሉት ቻናሎች ላይ ነው፤ 9 እና 10 ሪትም፣ 11 ባስ፣ 12 እና 13 ኮርድ፣ 14 ፓድ፣ 15 እና 16 ፍሬዝ ይይዛሉ። ስለዚህ ጭብጨባው ወይም የከበሮው አንዱ ክፍል በ9ኛው ላይ ሊሆን ይችላል። የኮምፒውተር ፕሮግራም 10ኛውን አውቆ ቢተወው እንኳ 9ኛውን እንደ ዜማ ቆጥሮ ከፍ ያደርገዋል። የኪቦርዱ የራሱ ትራንስፖዝ ግን የድራም ኪት ድምፆችን ስለማይነካ ይህ ችግር እዚያ አይነሳም።


ጣርማበር፣ ደብረ ሲና

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልሂድ። ሦስቱ ትራንስፖዞች የሚለያዩት የሚነኩት ክፍል የተለያየ በመሆኑ ነው። ሶንግ የተባለው ከፋይሉ የሚወጣውን ዘፈን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ በእጅህ የምትጫወተው ባለበት ይቆያል። ኪቦርድ የተባለው በተቃራኒው በእጅ የሚጫወተውን፣ ከእሱም ጋር ስታይሉንና መልቲ ፓዱን (በቁልፍ የሚነሱትን አጫጭር የተቀዱ ሐረጎች) ያንቀሳቅሳል፤ ፋይሉን አይነካም። ማስተር ሁሉንም በአንድነት ይወስዳል። ከማስተርም ውጭ የሚቀር አለ፤ በድምፅ ፋይል መልክ ያለ ዘፈንና በማይክ የሚገባ ድምፅ አይለወጡም። አንዳንዱን ዘፈን በሚዲ፣ አንዳንዱን በኤምፒ3 የያዘ ሰው ይህን ካላወቀ በመድረክ ላይ ይደናገራል። ለድምፅ ፋይል በማጫወቻው ውስጥ ለብቻው የተቀመጠውን የከፍታ መቀየሪያ መጠቀም ያስፈልጋል፤ ያም በስሌት የሚሠራ ስለሆነ ብዙ ከተንቀሳቀሰ የድምፁ ጥራት መጓደሉ አይቀርም።

ለአንተ ሥራ የምመርጠው ሶንግን ነው። ፋይሉ በሲ ከሆነና ሴቷ በኤፍ ከፈለገችው ሶንግን +5 አድርግ፤ ቀኝ እጅህን ደግሞ በእውነተኛው ኤፍ ተጫወት። ጣትህ በሲ ብቻ የለመደ ከሆነ ማስተርን +5 ማድረግ ይቻላል፤ እጅህ ሲ ላይ ሆኖ የሚሰማው ኤፍ ይሆናል። ይህ ግን አብረውህ ከሚጫወቱት ሰዎች ጋር ስትነጋገር ችግር ያመጣል። አንተ «በሲ ነን» ስትል ባለዋሽንቱ የሲውን ዋሽንት ያነሳል፤ የሚሰማው ግን ኤፍ ነው። በመድረክ ላይ ኪይ ሲጠራ መጠራት ያለበት የሚሰማው ነው።

ሌላው ከፍ ማድረግ ወይስ ዝቅ ማድረግ የሚለው ምርጫ ነው። ከሲ ወደ ጂ ለመሄድ +7 ወይም −5 ማድረግ ይቻላል፤ ኪዩ አንድ ነው፣ የሚሰማው ግን በጣም ይለያያል። በአጠቃላይ አነስተኛውን ርቀት መምረጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም የሳክስፎኑና የክሩ ድምፅ ከተቀዳበት ከፍታ ሲርቅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ተፈጥሮውን ያጣል። አንዳንድ ጊዜ ግን ለዜማው +7 ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ባሱን ለብቻው ተመልከተው። ባሱ በኖታ ቁጥር 33 ዙሪያ የሚሄድ ከነበረ +7 ተደርጎ 40 ላይ ይደርሳል፤ ክብደቱም ይጠፋል። በሶንግ ክሪኤተር (በኪቦርዱ የተቀዳ ዘፈን ማስተካከያ) ውስጥ ቻናል ትራንስፖዝ የሚባለው ተግባር የእያንዳንዱን ቻናል ኖታ ለየብቻ ያንቀሳቅሳልና፣ የባሱን ቻናል በ12 ዝቅ ብታደርገው 28 ላይ ያርፋል፤ ያም ባለ አራት ክር ባስ ጊታር ያለው ዝቅተኛ ኖታ ነው። ከዚያ በታች ማውረድ በሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ላይ ጉርምርምታ እንጂ ዜማ አይሰጥም።

ቻናል ትራንስፖዝን ስትጠቀም የጊታሩን ቻናል ልብ በል። ሜጋ ቮይስ በሚባሉት የጊታር ድምፆች ላይ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ያሉት ኖታዎች ዜማ ሳይሆኑ ጣት በክር ላይ ሲንሸራተት የሚሰማውን ዓይነት ጫጫታ የሚሰጡ ናቸው። የኖታው ቁጥር በፋይሉ ውስጥ ሲቀየር ጫጫታውም ይቀየራል፤ ከዜማው ጋር የማይሄድ ጭረት ከሰማህ ከዚያ የመጣ ነው።


ባለዋሽንቱ ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ

ስለ ዋሽንት የተነሳውን እኔ ልመልስ። ዋሽንት የተበሳበት ርቀትና ቁመቱ ኪዩን ስለሚወስነው እኛ ባለ ብዙ ቁመት ዋሽንት ይዘን እንዞራለን። ኪቦርዱ በአንድ ጣት በግማሽ ድምፅ ሲንቀሳቀስ እኛ ሌላ ዋሽንት ማንሳት አለብን፤ ስለዚህ የዘፈኖቹ ዝርዝር በእያንዳንዱ ዘፈን ፊት ለፊት የሚሰማውን ኪይ ይዞ ከሁለት ቀን በፊት በእጃችን ሊገባ ይገባል። ድምፃዊቷ ኤፍ ሻርፕ ፈልጋ እኔ ያለኝ የኤፍና የጂ ከሆነ፣ መድረክ ላይ ሳይሆን ልምምድ ላይ ተነጋግረን ወደ አንዱ እንጠጋለን።

ከዚህ የሚከብደው ግን በግማሽ ድምፅ የማይለካው ልዩነት ነው። በዋሽንት ውስጥ የሚንቀጠቀጠው አየር ነው፤ አየር ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ ይፈጥናል፣ ዋሽንቱም ከፍ ይላል። የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ወደ 20 ሲወጣ ልዩነቱ ወደ 30 ሴንት ይደርሳል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት መሆኑን አስቡ። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለው በደብረ ብርሃን ምሽት ከኪቦርዱ ጋር የተስማማ ዋሽንት፣ ጣርማበርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ከፍ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ሙቀቱ እንጂ የቦታው ከፍታ በራሱ አይደለም። የተጫዋቹ እስትንፋስ ቱቦውን ስለሚያሞቀው ልዩነቱ በተግባር ከስሌቱ ያንሳል፤ ቢሆንም ጆሮ በግልጽ ይለየዋል።

ይህን በትራንስፖዝ ማስተካከል አይቻልም። የሚያስፈልገው ማስተር ቱን የሚባለው፣ በሄርዝ የሚለካው ቅንብር ነው። ኪቦርዱ ሲከፈት 440 ላይ ነው፤ 30 ሴንት ከፍ ማለት ወደ 448 ገደማ ነው። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ዋሽንቱ ጥቂት ተነፍቶ ከሞቀ በኋላ ኪቦርዱ ወደ ዋሽንቱ ይጠጋ፤ ማሲንቆው ደግሞ ክሩን አጥብቆ ወይም አላልቶ ወደ ኪቦርዱ ይምጣ። ማሲንቆ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ዋሽንት ግን አይችልም።


ድምፃዊት ከእነዋሪ

ወንድሞቼ፣ ስለ መሣሪያው ብዙ ተናግራችኋል፤ ስለ ጉሮሮም ጥቂት ልናገር። የዘፈን ኪይ ሲመረጥ ብዙ ኪቦርዲስቶች የመጀመሪያውን ስንኝ አስዘፍነው «ተስማማሽ?» ይላሉ። የመጀመሪያው ስንኝ ለሁሉም ይስማማል። መፈተን ያለበት ዜማው ከሁሉ በላይ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ አዝማቹ ውስጥ አንድ ከፍ ያለ ኖታ ተይዞ የሚቆይ ከሆነ ኪዩን የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ዝቅተኛው ቦታ ይታያል፤ እዚያ ድምፁ በከበሮው ሥር የሚሰጥም ከሆነ አንድ ግማሽ ድምፅ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።

በተጨማሪም ከቀኑ 8 ሰዓት በልምምድ የተመረጠ ኪይ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ከብዙ ዘፈን በኋላ አይሆንም። ስለዚህ ከማታው መጨረሻ ላሉት ዘፈኖች ኪዩን አስቀድማችሁ በ1 ወይም በ2 ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። በዘፈን መሃል ግን እባካችሁ አትቀይሩብን፤ ተይዞ ያለው ኖታና አዲስ የሚገባው ሲጋጩ የምንይዘው ይጠፋናል።


መምህር ዘአለም ከተማ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ያሰኛል። ቅኝትን በሚመለከት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ትራንስፖዝ ቅኝትን አይቀይርም። ትዝታ ሜጀር በሲ ሲጀምር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ በ+3 ሲንቀሳቀስ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ይሆናል። በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን በግማሽ ድምፅ ሲቆጠር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ሆኖ ይቀራል፤ ትዝታን ትዝታ የሚያደርገውም ይኸው ርቀት ነው። አንቺሆዬም እንዲሁ ነው፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ሲሆን ርቀቱ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ነው፤ የትም ብትወስዱት ይኸው ነው። በአንጻሩ የትዝታ ሜጀርን ዘፈን ወደ ትዝታ ማይነር መውሰድ የፈለገ ሰው በትራንስፖዝ አያገኘውም፤ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ ለይቶ በግማሽ ድምፅ ማውረድ አለበት፤ ያም ኖታ በኖታ የሚሠራ ሥራ ነው።

አስቸጋሪው ስኬል ቱን (የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ ለየብቻ ማስተካከያ) ሲጨመርበት ነው። ማሲንቆ በኪቦርዱ እኩል ክፍፍል አይታሰርም፤ ባለማሲንቆው አንዳንዱን ድምፅ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ኪቦርዲስቱም እሱን ለመከተል በስኬል ቱን ሠንጠረዥ ለምሳሌ «ኢ»ን በ20 ሴንት ዝቅ ያደርገዋል እንበል። ሠንጠረዡ ከሲ እስከ ቢ ላሉት 12 ስሞች የተሠራ ነው። ዘፈኑ በሲ ሲሆን ሦስተኛው የቅኝቱ ድምፅ ኢ ነው፤ ዘፈኑ ወደ ኢ ፍላት ሲሄድ ግን ሦስተኛው ድምፅ ጂ ይሆናል። ዝቅታው ኢ ላይ ቆሞ ከቀረ ትዝታው ሌላ ጠረን ያመጣል። ያማሃ ቤዝ ኖት ብሎ ያስቀመጠው ቅንብር ለዚህ ነው፤ የሠንጠረዡ መነሻ ወደ አዲሱ ኪይ አብሮ እንዲዛወር ማድረግ ይገባል። ከዚያም የቅኝቱን ድምፆች አንድ በአንድ እየመታችሁ ዝቅታው በትክክለኛው ድምፅ ላይ ማረፉን በጆሮ አረጋግጡ።

ደብረ ሲና ያለው ልጄ ስለ ሶንግ ትራንስፖዝ የጻፈውን እደግፋለሁ፤ እኔ ግን ከዚያም ጠበቅ አድርጌ እላለሁ። ተማሪ በሁሉም ኪይ ባይሆን እንኳ በሲ፣ በዲ፣ በኤፍ፣ በጂና በኤ አራቱንም ቅኝቶች በጣቱ ማወቅ አለበት። የትራንስፖዝ ቁልፍ ብቻውን የሚያስተምረው እጅ ኪቦርዱ ሲቀየር ባዶ ይሆናል።


ጣርማበር፣ ደብረ ሲና

ጋሼ፣ ምክርዎን በአክብሮት እቀበላለሁ። በትምህርት ቤት የሚሉት ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። በመድረክ ላይ ግን ባለሠርጉ ያላሰብነውን ዘፈን ሲያስመጣና ድምፃዊው በቢ ፍላት ማይነር ሲፈልገው፣ ያልተለማመድነውን ጣት ከምናሳይ ማስተርን ተጠቅመን ዘፈኑን በደንብ ብናወጣው የሚሻል ይመስለኛል፤ የሚሰማውን ኪይ ለባልደረቦች ጮክ ብሎ መናገር ሳይዘነጋ።


መምህር ዘአለም ከተማ

ልጄ፣ በዚህ ሁኔታ እስማማለሁ። የምቃወመው ልማድ ሲሆን ነው።


ኪቦርድ ዘደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእህቴ ምክር በተለይ የልምምዳችንን አካሄድ ይለውጠዋል። ጋሼ ስለ ቤዝ ኖት የጻፉትም ከባለማሲንቆው ጋር የነበረኝን አለመግባባት ይፈታልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን ገና ነው። ሬጅስትሬሽን ሜሞሪ (የኪቦርዱን ቅንብር ይዞ በአንድ ቁልፍ የሚመልሰው) ላይ ዘፈኑን፣ ቴምፖውንና ትራንስፖዙን አንድ ላይ ማስቀመጥ እንደሚቻል አውቃለሁ። ሆኖም አንዱ ዘፈን እየተጫወተ ሳለ ለሚቀጥለው የተለየ ትራንስፖዝ ማዘጋጀት ካስፈለገ፣ ቁልፉን ስጫን እየተሰማ ያለው ዘፈን ኪይ እንዳይቀየር እሰጋለሁ።


ጣርማበር፣ ደብረ ሲና

ስጋትህ ተገቢ ነው። ትራንስፖዝ የመሣሪያው ቅንብር እንጂ የፋይሉ አካል አይደለምና፣ ሲቀየር የሚነካው በዚያች ቅጽበት እየተሰማ ያለውን ነው። ስለዚህ እኔ የምከተለው አሠራር ኪዩ መቼ ታወቀ በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው። ኪዩ ከሠርጉ በፊት በልምምድ የታወቀ ከሆነ በፋይሉ ውስጥ ይጻፍ። በመድረክ ላይ ድንገት የተወሰነ ከሆነ በሶንግ ትራንስፖዝ ይሠራ። የዋሽንቱ ሙቀት ያመጣው ከሆነ ደግሞ በማስተር ቱን ይስተካከል። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ነው መድረክ ላይ ማንም የማይፈታው ቋጠሮ የሚፈጠረው።

በፋይል ውስጥ ይጻፍ ስል ዋናውን ፋይል ንካ ማለቴ አይደለም። ዋናው በመጀመሪያው ኪይ በሌላ ፎልደር፣ ቢቻል በሌላ ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ለመድረክ የሚሆነው ቅጂ በሶንግ ክሪኤተር በቻናል ትራንስፖዝ ይንቀሳቀስ፤ 9ኛውና 10ኛው ቻናል ከበሮ ከያዙ ዜሮ ላይ ይቅሩ። ከዚያ የቅጂው ስም ተራ ቁጥሩን፣ የዘፈኑን መጠሪያ፣ የድምፃዊውን ምልክትና የሚሰማውን ኪይ ይያዝ። ተራ ቁጥሩ 001፣ 002 እየተባለ በዜሮ ይጀምር፤ አለዚያ በስም ቅደም ተከተል ሲደረደር 10 ከ2 በፊት ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ከተዘጋጀ ሁሉም ዘፈን በዜሮ ትራንስፖዝ በራሱ ኪይ ስለሚወጣ የሚያሰጋ ነገር አይኖርም።

ማከታተሉ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። አንዱ ዘፈን እየተጫወተ ሳለ የሚቀጥለውን ፋይል ብትመርጠው ኪቦርዱ ወዲያው አይቀይረውም፤ ተራ አስይዞት የመጀመሪያው ሲያልቅ ይቀጥላል። ለቀኝ እጅህ የሚሆኑትን ድምፆች በሬጅስትሬሽን አስቀምጣቸው፤ ሬጅስትሬሽን ስታስቀምጥ ግን ሶንግና ትራንስፖዝ ከሚሉት ላይ ምልክቱን አንሳ፤ ድምፆቹን ብቻ እንዲይዝ። ከዚህ በፊት በተዘጋጀ የሬጅስትሬሽን ባንክ (ስብስብ) የምትሠራ ከሆነ ፍሪዝ የሚለውን ተግባር ተጠቅመህ ትራንስፖዝን ማገድ ትችላለህ፤ ያን ጊዜ የትኛውም የሬጅስትሬሽን ቁልፍ ቢጫን ትራንስፖዙ አይነቃነቅም።

ጨፋሪው እስክስታውን አላቆም ሲል ዘፈኑን ማስረዘም የሚቻልበትም መንገድ አለ። በዘፈኑ ውስጥ እስከ 4 ምልክት ማስቀመጥ ይቻላል። ዘፈኑ እየሄደ ምልክቱ ሲጫን የተጀመረው ባር (የምት ክፍል) እስኪያልቅ ይጠብቅና ወደዚያ ይዘላል፤ በ1ኛውና በ2ኛው ምልክት መካከል እየደጋገመ እንዲዞርም ማድረግ ይቻላል። ምልክቱን በባር መጀመሪያ ላይ፣ ድምፃዊው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ አስቀምጠው፤ በዚያ ክፍል የሚያስፈልገው የድምፅ ቅየራም ከምልክቱ ቀጥሎ በፋይሉ ውስጥ ይኑር። ካስቀመጥክ በኋላ ዘፈኑን መልሰህ ሴቭ ካላደረግኸው ምልክቶቹ አይቆዩም።


ሚዲ ወዳጅ፣ ሸኖ

በኮርግ ፒኤ ተከታታይ ለምትሠሩ፣ ሁለት ማጫወቻ ስላለው አንዱ እየሄደ ሌላውን መጫንና በባላንስ ተንሸራታቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ቀስ ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሁለቱ ዘፈኖች ኪይ በጣም የሚራራቅ ከሆነ ግን መደራረቡ አያምርም፤ የመጀመሪያውን በከበሮ ብቻ ጨርሶ በከበሮ ላይ ሁለተኛውን መጀመር ይሻላል።


ቆላ ቤዝ፣ ሸዋ ሮቢት

ስለ ቴምፖና ስለ መቅዳት ያልተባለውን ልሙላ። የእኛ ጭክጭካ በ6/8 ሲቀዳ ሰው በእግሩ የሚቆጥረው በባር 2 ትልልቅ ምት ነው፤ ሚዲ ፋይል ግን ቴምፖውን የሚጽፈው በሩብ ኖታ ነው። እያንዳንዱ ትልቅ ምት አንድ ሩብ ከግማሽ ስለሆነ፣ በደቂቃ 90 ትልቅ ምት ያለው ዘፈን በፋይሉ ውስጥ 135 ተብሎ ይጻፋል። ዘፈን ስታከታትሉ የሁለቱን ፍጥነት በትልቅ ምት ብዛት አስተያዩ፤ አንዱ በ2/4 ሌላው በ6/8 የተቀዳ ከሆነ ቁጥሮቹን እንዲሁ ማወዳደር ያሳስታል።

ኳንታይዝንም (የተቀዱ ኖታዎችን ወደ ትክክለኛው ምት ማስጠጋትን) በጥንቃቄ። ከመቅዳት በፊት ሜትሮኖሙ 6/8 ላይ ይሁን፤ ኳንታይዙም በስምንተኛ ኖታ። በ2/4 ከተቀዳ የሚሆነው የስምንተኛ ትሪፕሌት ነው። ሙሉ በሙሉ ከተጠጋ ግን ጭክጭካው ሕይወቱን ያጣል፤ ከበሮ መቺው አንዷን ምት በጥቂቱ የሚያዘገያት በዘፈቀደ አይደለምና። የኳንታይዙን ጥንካሬ ከ100 በመቶ ዝቅ አድርጉ፣ ባሱን ይበልጥ፣ ከበሮውን ግን በጥቂቱ ብቻ አስጠጉት።

በመጨረሻም የመጀመሪያውን ባር ባዶ ተዉት። የድምፅ ምርጫው፣ መጠኑና ኤፌክቱ የሚነበቡት እዚያ ነው። የመጀመሪያው ኖታ ከእነዚህ ትእዛዞች ጋር በአንድ ቅጽበት ከመጣ የቀደመው ዘፈን ድምፅ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ዘፈኖች ሲከታተሉ ደግሞ ይህ ጎልቶ ይሰማል። በሶንግ ክሪኤተር ሴት አፕ የሚለው ተግባር አሁን ያለውን ቅንብር በዘፈኑ መነሻ ላይ ይጽፍልሃል።


ኪቦርድ ዘደብረ ብርሃን

ወንድሞቼ፣ እህቴና ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በዚህ መሠረት ዋና ፋይሎቹን ለይቼ አስቀምጬ፣ ለወንዱና ለሴቷ በየኪያቸው ቅጂ አዘጋጃለሁ፤ ዝርዝሩንም ለባለዋሽንቱና ለባለማሲንቆው አስቀድሜ እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። በኮምፒውተር ላይ ከበሮውን ያስተካከልኩት ፋይል ወደ ኪቦርዱ ሲመለስ በየትኛው ፎርማት ቢቀመጥ ይሻላል? ልምምድ ላይ መብራት ድንገት ቢሄድስ የሚጠፋው ምንድን ነው?


ጣርማበር፣ ደብረ ሲና

ፎርማት 0 (ቻናሎቹ ሁሉ በአንድ ትራክ የሚቀመጡበት) አድርገው። ያማሃው ፎርማት 1ንም ያጫውታል፤ ራሱ ሲያስቀምጥ ግን በ0 ነውና ሁሉም ቅጂህ አንድ ዓይነት ይሁን። መብራት ሲጠፋ በፍላሹ ላይ ሴቭ የተደረገው ይቆያል፤ ቀድተህ ወይም ቻናሉን አንቀሳቅሰህ ሴቭ ያላደረግኸው ግን ይጠፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ ሴቭ እያደረግህ ሂድ፤ ፍላሹንም በሚጽፍበት ጊዜ አትንቀለው። ኪቦርዱ ዳግም ሲከፈት ዘፈን ከማስጀመርህ በፊት ትራንስፖዙን በእርግጠኝነት ወደ ዜሮ ለመመለስ የመደመሪያውንና የመቀነሻውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫን፤ ማስተር ቱኑንም ከዋሽንቱ ጋር እንደገና አስተያየው።